«ደህና ናት» ብዬ የጻፍኩላት ሙሽራ

ነርስ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወትና ስጣላ ሶማልኛውንም ኦሮምኛውንም ማን እንዳስተማረኝ ሳላውቅ ለመድኩት። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች የምታነቡት ነገር ላይ የሚያሳፍረኝ ክፍል የሚጀምረው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በምሠራበት ሆስፒታል የራስ ምታት ጥናት ተጀመረና እኔ ከሁለቱ መረጃ ሰብሳቢዎች አንዷ ሆኜ ተመረጥኩ። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ኤልያስ የነርቭ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ እየሠራ በየወሩ ለጥቂት ቀናት ወደ እኛ ይመጣል። ግማሽ ራሳቸውን እየፈለጠ የሚያማቸው፣ የሚያስመልሳቸው፣ ብርሃን የሚጠሉ ሰዎች ሲመጡ ስለ ጥናቱ አስረድተን ፈቃዳቸውን እንጠይቃለን። ማስመለሱንና ሕመሙን የሚያስታግሰው መርፌ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ የሦስት ቀን ክኒን ይዘው ይሄዳሉ። በማግስቱ ደውለን እንዴት እንደሆኑ ጠይቀን ቅጹን እንሞላለን። ሥራው ይኸው ነው።

ዶክተሩ ሲያሠለጥነን ስለዚያ መድኃኒት አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮናል። «አልፎ አልፎ፣ በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ፣ ጡንቻን ከቁጥጥር ያስወጣል። አንገት ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። ያየው ሰው ጋኔን የያዛት ይመስለዋል። እሷ ግን አእምሮዋ ንጹሕ ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች።» በስልኩ ቪዲዮ አሳየን። ማርከሻ መርፌውንም በጥናቱ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦልን ሄደ።

ሐምዲ የመጣችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ካገባች አራት ወሯ። ባሏ ሊባን የሚኒባስ ሾፌር ስለሆነ በር ላይ አውርዷት ወደ ሥራው ሄዷል። በሻርፗ ግንባሯን ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ገባች። አማርኛዋ ጥቂት ነው። «ራስ... እዚህ... በጣም» አለችኝ በጣቷ ቅንድቧ ላይ እያሳየችኝ።

ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ሦስት ገጽ። ወደ ሶማልኛ እያዞርኩ ባነብላት ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ደግሞ አግዳሚ ወንበሩን ሞልተው የተረፉት ቆመው ነበር። በአማርኛ አነበብኩላት፤ ያውም እየሮጥኩ። «አንገት ወይም ዓይን ከተዛባ ክኒኑን አቁመው ወዲያው ይመለሱ» የሚለውንም እንደ ሌላው መስመር ሁሉ አለፍኩት። እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ያን ሰዓት መብራቱን ብቻ አጥፉልኝ ብላ ቤቷን እንኳ ትፈርም ነበር። ፈረመች።

መርፌውን ወጋኋት። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተኛች በኋላ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ በሶማልኛ አመሰገነችኝ። እኔ በአማርኛ «ምንም አይደል» ብዬ ክኒኑን ሰጠኋት። በቀን ሦስት ጊዜ መሆኑን በጣቴ አሳየኋት፤ ነገ እደውላለሁ ብዬም ስልክ ቁጥሯን ጻፍኩ።

ረቡዕ ደወልኩ። አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ደግሜ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ስልኩ ዝግ ነው። መመሪያው እንዲህ ሲሆን ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነም ለዶክተሩ አሳውቁ ይላል። ነገር ግን የሳምንቱ ቅጽ የሚላከው በዚያው ዕለት ከሥራ መውጫ በፊት ነበር። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ባዶ ቦታ ትቼ የማላውቅ፣ ዶክተሩ በሰው ፊት ስሜን ጠርቶ «ቅጹን እንደ ሮማን ሙሉ» እያለ የሚያመሰግነኝ ሰው ነኝ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና «ደህና ናት። አዲስ ምልክት የለም» ብዬ ጻፍኩ።  አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ደህና እንቅልፍም ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጋውኔን ስለብስ የጽዳት ሠራተኛችን ሞሚና መጣች። እነ ሐምዲ ሰፈር፣ መጋላ፣ ነው የምትኖረው።

«ሲስተር ሮማን፣ ያቺ ማክሰኞ የወጋሻት ሙሽራ፣ የሊባን ሚስት...»

«ምን ሆነች?»

«ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ጂን ይዟታል። አንገቷ ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ። ዓይኗ ነጩ ብቻ ነው የሚታየው፤ ምላሷ አይታዘዝላትም። ወላሂ እኔ ራሴ ገብቼ አይቻታለሁ። አንገቷን በእሳት ተኩሰዋታል፤ አልለቀቃትም። ዛሬ መኪና ተከራይተው ወደ እናት አባቷ አገር ሊመልሷት ነው።»

 ቪዲዮው ላይ ያየሁት ነው፤ አንድም የቀረ ነገር የለም።

ለክፍሉ ኃላፊ አንዲት በሽተኛ ቤት ለክትትል እንደምሄድ ነግሬ ማርከሻውን ከሳጥኑ አወጣሁና ከሞሚና ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር ለዶክተር ኤልያስ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት።

«ክኒኑን አሁንም እየወሰደች ነው?»

«አላውቅም፣ ዶክተር።»

«ትናንት ስትደውዪ ምን አሉሽ?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «ደህና ናት አሉኝ» አልኩት። ውሸቱ ሁለት ሆነ።

«እሺ ስሚኝ» አለ። «ክኒኑን አስቁሚና ወደ ሆስፒታል አምጫት። ትንፋሽ ካስቸገራት ግን አትጠብቂ፤ እዚያው ጡንቻ ላይ ውጊያት። እኔ ከስልኩ አልርቅም። ደግሞ ሮማን... መንስኤውን እኔ እስክመጣ ለቤተሰቡ አትናገሪ። አሁን ስሜታዊ ናቸው። አንድ ቃል ከወጣ ነገ ማንም ሰው ወደ ጥናቱ አይመጣም።»

«እሺ» አልኩ።

መጋላ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ባጃጁ ሊገባ ስላልቻለ ወርደን ሮጥን። ግቢው በር ላይ ዕቃ መጫኛው ክፍት የሆነ መኪና ቆሟል። የሙሽራ ሻንጣና በጨርቅ የታሰረ ልብስ ተጭኗል። ሊባን ከመኪናው አጠገብ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ሰፈሩ ሁሉ በሶማልኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራቸው እናቱ ኤዶ ሳፊያ በሩን በሰውነታቸው ሞልተው ቆሙብኝ።

«ማነሽ አንቺ?»

«ከሆስፒታል ነው፣ ኤዶ። ሐምዲን ላያት ነው።»

«ሆስፒታል ሄዳ ነበር። ሄዳ ምን ይዛ እንደመጣች ግቢና እዪ።»

ሐምዲ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ናት። ሁለት ሴቶች እጆቿን ይዘዋል። አንገቷ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ተጎትቶ ጅማቱ እንደ ገመድ ተወጥሯል። ዓይኖቿ ወደ ጣራው ተሰቅለዋል። ከተቆለፈው አፏ ጥግ ምራቅ ይወርዳል። በጉንጯ በኩል ግን ምራቅ ያልሆነ ነገር ይፈሳል፤ እንባ ነው። ከጆሮዋ ሥር፣ አንገቷ ላይ፣ ሁለት የጣት ጫፍ የሚያህሉ የእሳት ቁስሎች ውሃ ቋጥረዋል።

ራስጌዋ የተቀመጡት ሽማግሌ ሼኽ ዩሱፍ ናቸው፤ ቁርአን እንዲቀሩባት፣ እንዲያነቡባት፣ የተጠሩ። ቀና ብለው አዩኝና በረጋ አማርኛ ተናገሩ።

«የእኔ ልጅ፣ ከትናንት ጀምሮ እየቀራሁባት ነው። ይህ ነገር ግን ልቤን አላረካውም። ይህቺ ልጅ አብራኝ ትቀራለች። አፏ እንቢ ቢላት በጣቷ ትከተለኛለች። የማውቀውን ስሳሳት እንኳ ጣቷ ይቆማል። ጂን የያዘው ሰው እንዲህ አያደርግም።» ቀጠሉ። «አንድ ነገር አስተዋልኩ። ለቀቅ ያደርጋታል። ክኒኗን በዋጠች በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሶ ይይዛታል።»

«ክኒኑን የምሰጣት እኔ ነኝ!» አሉ ኤዶ ሳፊያ ከበሩ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ሐኪም ያዘዘውን ላስቀርባት? አንድ ሰዓት አላሳለፍኩባትም። ዛሬ ጠዋት አፏ አልከፈት ሲል አድቅቄ በውሃ በማንኪያ አጠጣኋት።»

ሼኽ ዩሱፍ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። «ሲስተር፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ይህ ነገር ከመድኃኒቱ ነው?»

 ሊባንም ከውጭ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል። የዶክተሩ ትእዛዝ በጆሮዬ አለ። ስለ ሥራዬ አሰብኩ። ይህ የቆመ ጎረምሳ ምን ያደርገኝ ይሆን ብዬም አሰብኩ። ይህን ሁሉ ሳስብ ዓይኔ ያረፈው በሐምዲ ጣቶች ላይ ነበር። ፍራሹ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ትሰማለች።

«አዎ» አልኩ። «ጂን አይደለም። እኛ የሰጠናት መድኃኒት ነው።»

«ታውቁ ነበር? እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቁ ነበር?» አለ ሊባን።

«እናውቅ ነበር። በጥቂት ሰው ላይ ይደርሳል።»

«ታዲያ ለምን አልተነገረንም?»

«ነግሬያታለሁ፤ ቅጹ ላይ...»

«በምን ቋንቋ?» አሉ ሼኽ ዩሱፍ።

«በአማርኛ።»

 ሊባን ግንባሩን መቃኑ ላይ አስደግፎ ፊቱን ደበቀ። ኤዶ ሳፊያ ጠዋት ማንኪያውን የያዙበትን ቀኝ እጃቸውን ተመለከቱ።

ከዚያ ከሐምዲ ጉሮሮ ድምፅ መጣ። ትንፋሽ ስታስገባ ሲር ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ። ከንፈሯ ጠቆር ማለት ጀመረ። መጋላን አቋርጦ፣ ድልድዩን አልፎ ሆስፒታል ለመድረስ ጊዜ እንደሌለ ገባኝ። መርፌውን አወጣሁ።

«ደግሞ መርፌ?» አሉ ኤዶ ሳፊያ። «ደግሞ ከዚያው ቤት የመጣ መርፌ?»

 ፍራሹ ላይ ተንበርክኬ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ አልኩና በሶማልኛ አናገርኳት። «ሐምዲ፣ እህቴ፣ እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኛ ነው። ይህ ማርከሻው ነው፤ የታሰረውን ይፈታል። አፍሽ ሊደርቅ፣ እንቅልፍ ሊመጣብሽ ይችላል። ካልፈለግሽ አልወጋሽም። ከፈለግሽ እጄን ጨብጪው።»

ጨበጠችኝ። አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ።

ወጋኋት። በጎኗ አስተኝተን አፏን ጠረግንላት፤ የትንፋሿን ድምፅ መጠበቅ ጀመርን። መልሼ ስደውልለት ዶክተሩ «ሩብ ሰዓት ስጫት» አለኝ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ምንም የለም። ሲርታው አልጠፋም። ሼኽ ዩሱፍ በለሆሳስ ይቀራሉ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ በልቤ አልኩ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ሲርታው ቀጠነ፤ ቆየና ጠፋ። ከዚያ የአንገቷ ጅማት፣ ሰው ከወዲያ ጫፍ ገመድ እየለቀቀላት ይመስል፣ ቀስ በቀስ ረገበ። ዓይኖቿ ከጣራው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ሰዎቹ ወረዱ። መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነው። 

ኤዶ ሳፊያ ጮክ ብለው አለቀሱ። «አልሐምዱሊላህ!» የሚለው ድምፅ ከግቢው እስከ መንገዱ ተሰማ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ስንሰቀሰቅ ሐምዲ ውሃ ጠየቀች። ጠጥታ ስታበቃ በጎርናና ድምፅ ለሁሉም አለች፦

«ሁሉንም እሰማ ነበር። ተኩሷት ስትሉም፣ መኪናው መጣ ስትሉም እሰማ ነበር። ልብሴን ስትቋጥሩ እሰማ ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሶማልኛ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያን ዕለት?»

ባዶውን ብርጭቆ ከእጇ ተቀበልኩ። 

በዚያው በተከራዩት መኪና ሆስፒታል ወሰድናት። ሻንጣዋ ላዩ ላይ እንደተጫነ ነበር። ሁለት ቀን ተኝታ ማርከሻውን በክኒን እየወሰደች ቆየች፤ ነገሩ ተመልሶ አልመጣባትም። ዶክተር ኤልያስ ቅዳሜ ደረሰ። እውነቱን ተናግረሽብኛል ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «ለቤተሰቡ አትናገሪ ማለት አልነበረብኝም» አለ፤ ዓይኔን እያየ። ያኔ ነው ረቡዕ የሞላሁትን ቅጽ ፊቱ ያስቀመጥኩት።

«ይህን ማንም አላለኝም» አልኩት። «ስልኩ አልተነሳም። ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

ወረቀቱን አንስቶ አነበበው። «ረቡዕ ሄደሽ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረና አቆመ። መጨረስ አላስፈለገውም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አንገቷ ላይ እሳት አያርፍም ነበር። ሁለት ሦስት ክኒን አትጨምርም ነበር። ማታውን ሁሉ ጣራ እያየች ስለ ራሷ የሚባለውን አትሰማም ነበር።

ጉዳዩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ተጻፈ፤ ጥናቱ ለጊዜው ቆመ። እኔ የሞላኋቸው ቅጾች ሁሉ እንደገና ተጣሩ፤ የሌሎቹ እውነት ሆኖ ተገኘ። ግን ማን ያምነኛል? በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ወደ ተኝቶ ታካሚ ክፍል ተመለስኩ። ጥናቱ ከወራት በኋላ ሲቀጥል ቅጹ በሦስት ቋንቋ ተጽፎ፣ ከሕመምተኛው ጋር አንድ የቤተሰብ ሰው እንዲሰማ ተደርጎ፣ ያ መድኃኒት ለወጣቶች ከመሰጠቱ በፊት ዶክተር እንዲያያቸው ታዝዞ ነው። እኔ አልነበርኩበትም። መመለስም አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ግን ይቀረኝ ነበር። ሐምዲ የምታውቀው የመርፌውንና የቋንቋውን ጥፋት ብቻ ነው። የቅጹን አታውቅም። ማንም አልነገራትም፤ ዝም ብል ማንም አይነግራትም። ሁለት ወር ያህል ዝም አልኩ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን መጋላ ሄድኩ።

ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ልብስ ትተኩስ ነበር። ሻርፗን ከፍ አድርጋ ስለምታስር የአንገቷ ጠባሳ አይታይም። ኤዶ ሳፊያ በዚያ ቀን የከፉብኝን ያህል አልከፉብኝም፤ መቀመጫ ሰጥተውኝ ገቡ። ነገርኳት። ሦስት ጊዜ እንደደወልኩ፣ እንዳልተነሳ፣ «ደህና ናት» ብዬ እንደጻፍኩ፣ ቤቴ ሄጄ እንደተኛሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

የካውያውን ገመድ ነቀለች። ሸሚዙን አጣጥፋ አስቀመጠች። 

«የመርፌው ነገር በሰው ላይ ይደርሳል» አለች በሶማልኛ። «እሱን ይቅር ብዬሻለሁ። ቋንቋውንም ቸኩለሽ ነው፤ ይቅር ብዬሻለሁ። እዚህ ተኝቼ ግን አንድ ነገር አስብ ነበር። ሁሉም ጂን ነው ሲል፣ ከሆስፒታል ያቺ ሴት ዛሬ ትደውላለች፣ ስልኩ ካልተነሳ ትመጣለች እል ነበር። ቁጥሬን ስትጽፊ አይቼሻለሁና። ረቡዕን ሙሉ በሩን የምጠብቀው አንቺን ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ ደህና ናት ብለሽ ጽፈሻል።» ሌላ ሸሚዝ አነሳች። «እሱን ገና አላውቅም። ስችል እነግርሻለሁ።»

«ራስሽንስ አሁንም ያምሻል?» አልኳት።

«ያመኛል።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ጨለማ ቤት ገብቼ እተኛለሁ። ወደ እናንተ አልመጣም።»

ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ መካከል ነርስ፣ መዝጋቢ፣ ቅጽ ሞይ የሆናችሁ ትኖራላችሁ። በወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ማየት ሲከብዳችሁ እኔን አስታውሱኝ። ባዶው ቦታ ማንንም አይገድልም፤ ያላያችሁትን እንዳያችሁ አድርጎ መሙላት ግን አንዲት ሴት በር በሩን እያየች እንድትቀር ያደርጋል። ሕመምተኞች የሆናችሁ ደግሞ ያልገባችሁን ነገር «እሺ» አትበሉ። በአፍ መፍቻችሁ ንገሩን በሉ፤ ብንሰለችም፣ ወረፋ ቢረዝምም አታፍሩ።

አሁን በዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ታካሚ ክፍል እሠራለሁ። መርፌ ለወጋሁት ሰው ምን እንደሰጠሁት በሚገባው ቋንቋ ሳልነግረው ከአጠገቡ አልነሳም። ባልደረቦቼ «ሮማን ወሬ ታበዛለች» ይሉኛል። ይበሉኝ። ሐምዲ እስካሁን አልደወለችልኝም። እኔም አልደወልኩም፤ የምትደውልበትን ቀን የምትመርጠው እሷ ናት።